ለመመለሻ የሚሆን ሞተር

ጎንደር፣ አራዳ
ጥቅምት 8 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ አላምረው ውዱ፣
አስመራ።

ሰላምታዬ ከአባቴ ምርቃት ጋር ተጠቅልሎ ካሉበት ይድረስዎ። እኛ በመድኃኔ ዓለም ቸርነት ደህና ነን። እርስዎስ ከነሥራዎ ከነጤናዎ እንዴት ሰንብተዋል?

ደብዳቤው ከማን እንደመጣ ግራ ሳይገባዎት አይቀርም። እኔ የመሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ልጅ ማሩ ነኝ። የአባቴ አያትና የእርስዎ አያት ወንድማማቾች እንደነበሩ አባቴ ቆጥረው ነግረውኛል። እርስዎ ከአምባ ጊዮርጊስ ሲወጡ እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ አሉ፤ ስለዚህ መልክዎን አላውቀውም። አድራሻዎን የሰጠኝ የጭነት ማኪና ነጂው የሻው ነው። "አስመራ ውስጥ የሞተርን ሆድ ዕቃ እንደ አላምረው የሚያውቅ የአገራችን ሰው የለም" ብሎ ምሎልኛል።

ጉዳዬን ልንገርዎ። አባቴ ዓይናቸው ጠፍቷል። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ሰው ካልመራቸው ከደጅ አይዘልቁም። እንደሚያውቁት የቤታችን እህል የሚገኘው በማኅሌት አገልግሎት ከያዝነው የደብር መሬት ነው። የሚቆም ሰው ከሌለ መሬቱም የለም። የደብሩ አለቃ ወልደኢየሱስ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ተራ የሚጠብቅ ብዙ ነው። "ልጁ በአባቱ እግር ይቁም። ያለ ፈቃድ ሦስት ሰንበት ከቀረ ግን መሬቱን ለሌላ እሰጣለሁ" ብለው በካህናቱ ፊት ተናገሩ። አባቴ እሺ አሉ። እኔም እሺ አልኩ።

እሺ ማለቱ ቀላል ነበር። እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ። የማድረው አዘዞ፣ እኅቴ ሽታዬ ቤት ነው፤ ሥራዬ አራዳ ነው። ጠዋት አውቶቡስ ስጠብቅ ዳኛው ቀድመውኝ ይገባሉ። ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ከሥራ ስወጣ ደግሞ የአምባ ጊዮርጊሱ አውቶቡስ ካልሞላ አይነሣም፤ ከሞላ እኔን አይወስድም። እናም ሞተር ብስክሌት ልገዛ አስቤአለሁ። አዲስ አቅሜ አይደለም፤ የተነዳ ይሁን። በአዘቦት ከአዘዞ አራዳ፣ በሰንበት ከጎንደር አምባ ጊዮርጊስ የሚያመላልሰኝ። ጣሊያኖቹ እየሸጡ ወደ አገራቸው እየገቡ ነው ይላል የሻው።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ፤ ፈጣን ይሁን። መቼም አንዴ ከተገዛ አይቀር። እኔ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ዳኛው እንኳ "ማሩ፣ ወንበርህ ላይ እሾህ አለ እንዴ?" ይሉኛል።

አባቴ "መንገድህ ይቅና፣ እጅህ አይዛል" ብለው መርቀውዎታል።

አክባሪዎ
ማሩ ኃይለ ጊዮርጊስ

*

አስመራ
ኅዳር 9 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለማሩ፣
ጎንደር።

እግዚአብሔር ለየኔታ የዓይናቸውን ብርሃን ይመልስላቸው፤ ለእናትህ ለእትዬ ወለተሩፋኤል ጤና፣ ላንተም ልብ ይስጥህ። እኔ ወገቤን ከማመም በቀር ደህና ነኝ። ሃያ ዓመት ማኪና ሥር የተኛ ሰው ወገብ ምን ሊሆን ነው?

መልክዎን አላውቀውም ትለኛለህ። እኔ ያንተን አውቀዋለሁ። እናትህ በመቀነቷ ከምሰሶ ጋር ታስርህ ነበር። ካልታሰርክ ገበያው መሀል ነበር የምትገኘው። አንድ ቀን መቀነቱን ከነምሰሶው ስትጎትት አይቼ ሳቄ አልቆም ብሎኝ ነበር። ዛሬ ደግሞ "ፈጣን ይሁን" ትላለህ። ሸጋ ነው፤ ያው ልጅ ነህ።

ሞተር አለ። ሁለቱን አይቼልሃለሁ።

አንደኛው ጥቁር ነው። የአንድ የመንገድ መሐንዲስ ነበር። ከባድ ነው፤ ጎማው ወፍራም፣ ሆዱ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ከኋላው ሰው የሚያስቀምጥ መቀመጫ ያለው። ጠዋት ሲቀሰቀስ ያጉረመርማል። አንዴ ከተነሣ ግን እስክታጠፋው አይጠፋም።

ሁለተኛው ቀይ ነው። የእሽቅድድም። አንድ ጎረምሳ ጣሊያን እሁድ እሁድ ይሽቀዳደምበት ነበር። መሪው ዝቅ ያለ ስለሆነ ነጂው የቤንዚኑ ታንክ ላይ ሊተኛ ምንም አይቀረው። ሲሮጥ መሮጥ ነው! እኔ ራሴ ባለፈው ሳምንት ሞክሬው ስወርድ የበረረ ባርኔጣዬን ፍለጋ ወደ ኋላ ስሮጥ ጓደኞቼ ሳቁብኝ።

ጥቁሩን ውሰድ። የጎንደርና የአምባ ጊዮርጊስ መንገድ ጠጠርና ጭቃ ነው፤ አቀበት ነው፤ ከብት ይተኛበታል። ቀዩ የተሠራው ለአስፋልት ነው። መቸኮልህን አውቃለሁ፤ ግን የሚገዛው ሞተር እንጂ ፎቶግራፍ አይደለም።

ሌላ አንድ ነገር። ማኅሌት ላይ በግራ በኩል፣ ከበሩ ሦስተኛ ቦታ ላይ ማን ነው የሚቆመው? እኔ የየኔታ ተማሪ ሳለሁ እዚያ ነበር የምቆመው። ዝም ብዬ ነው የጠየቅሁህ።

አያ አላምረው

*

ጎንደር
ታኅሣሥ 21 ቀን 1951 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ አላምረው።

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ፤ ወገብዎን ይማርልኝ። እኛ ደህና ነን።

ከሦስቱ ሰንበት አንዱ ሄደ። ቅዳሜ አውቶቡሱ ጎማው ፈንድቶ ገና ከከተማው ሳይወጣ ቆመ። በእግሬ ጀመርኩ፤ መሸብኝ። እሁድ ረፋድ ላይ ስደርስ ቅዳሴ ወጥቶ ሰዉ ጠበሉን ጠጥቶ ወደየቤቱ ይበተናል። አለቃ ወልደኢየሱስ አልተቆጡም። አንድ ጣታቸውን ብቻ አንሥተው አሳዩኝ። ምነው ቢቆጡኝ ኖሮ!

አባቴ ይህን ሲሰሙ በቅሏቸውን ሸጡ። እኔ አልጠየቅኋቸውም። "ዓይን ከሌለኝ በቅሎ ምን ያደርግልኛል? ለቤተ ክርስቲያን መድረሻ ይሁን" አሉ። የበቅሎዋን ዋጋ ከኔ ቁጠባ ጋር አድርጌ በየሻው እጅ ልኬያለሁ።

ቀዩን ይግዙልኝ።

አውቃለሁ፣ ጥቁሩን ብለዋል። አስቤበታለሁ። ከባድ ሞተር አቀበት ላይ ይደክማል፤ ቀላሉ ይወጣል። ጎማውን እዚህ በወፍራም እቀይረዋለሁ። ደግሞ እውነቱን ልንገርዎ፤ ደብዳቤዎን ካነበብኩ ወዲህ ቀዩ ከዓይኔ አልጠፋም። አቤቱታ ስገለብጥ ከሳሽና ተከሳሽ ይምታቱብኛል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቀኑ ረጅም ነው፤ አምባ ጊዮርጊስ ውስጥ ምን ይሠራበታል? ትንሽ ወዲያ ወዲህ ብልበት ነውር አለው?

በግራ ሦስተኛው ቦታ ላይ የሚቆም የለም። አባቴን ስጠይቃቸው "እሱ ቦታ የአላምረው ነው" አሉ።

ማሩ

*

አስመራ
የካቲት 12 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለማሩ።

እግዚአብሔር ያክርምህ። የኔታ በቅሎዋን ሸጡ ያልከኝን ካነበብኩ በኋላ መልስ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነሣሁ። ለዚህ ነው የዘገየሁት።

ያቺ በቅሎ ወይም ከሷ በፊት የነበረችው፣ እኔ ስሄድ ደጅ ላይ ታስራ ነበር።

ስማኝ፤ እንደምትለው ቀዩን ለመግዛት ሄድኩ። ሥራዬ ነውና መጀመሪያ ቀለሙን አላይም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በእጄ ነካሁት፤ ሻጭ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀህ የሚደብቀው ነገር አለ። የጎማውን ሽቦዎች አንድ በአንድ በጣቴ መታሁ፤ ሁለቱ ድምፃቸው ላላ ያለ ነበር። ዘይቱን በጣቴ አሽቼ አየሁ፤ ደህና ነው። ከዚያ መሬት ተኝቼ ቴላዮውን፣ ሞተሩን ሁሉ የሚሸከመውን ብረት ማለቴ ነው፣ ከሥር ዳሰስኩት። ቀለሙ አንድ ቦታ ላይ ወፍሯል። በቢላ ስፍቀው የሳልዳቱራ ጠባሳ ወጣ። ተሰብሮ የተበየደ ነው። "ወድቀህ ነበር?" ብዬ ስጠይቀው የጎረምሳው ፊት ሞተሩን መሰለ። ያን ብረት ይዘህ በኮሶዬ ቁልቁለት ብትወርድ መሀል መንገድ ላይ ለሁለት ይከፈልብህ ነበር።

ስለዚህ ጥቁሩን ገዝቼ በየሻው ማኪና ጭኜልሃለሁ። ተቆጣ። ተቆጥተህ ሲበቃህ ንዳው። ፍሪሲዮኑን በቀስታ ልቀቅ። ካቴናውን በየሳምንቱ ዘይት ቀባው፤ አታላላው፣ አታጥብቀው፤ በሁለት ጣት ስታነሣው ሁለት ጣት ያህል ይንቀሳቀስ። የኋላውን መቀመጫ አዲስ ቆዳ አልብሼዋለሁ፤ የኔታን ታስቀምጥበታለህ ብዬ ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ሞተር ሊገዛ የመጣን ሰው ሁሉ እጠይቀዋለሁ። የምትፈልገው ለመሄጃ ነው ወይስ ለመመለሻ? ሁለቱን የሚችል ሞተር ብዙ ነው፤ ሁለቱን የሚችል ሰው ግን ጥቂት ነው ያጋጠመኝ። መልስልኝ።

አላምረው

*

ጎንደር
መጋቢት 19 ቀን 1951 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ አላምረው።

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ።

የሻው ሸራውን ሲገልጠው ጥቁር ሳይ ደሜ ፈላ። አንድ ሳምንት ሙሉ የሽታዬ ግቢ ውስጥ ጥዬው በእግሬ ሥራ ሄድኩ። ሽታዬ "ያኮረፍከው ማንን ነው፣ ብረቱን?" እያለች ሳቀችብኝ። በስምንተኛው ቀን ግን አላስቻለኝም። ወጣሁበት።

አያ አላምረው፣ ምን ልበልዎ! መጀመሪያ ቀን ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፤ አንዱ አራዳ መሀል፣ ዳኛው ፊት ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ከአዘዞ አራዳ ለመድረስ አንድ መዝሙር የማያስጨርስ ጊዜ በቃኝ። ሦስተኛው ሳምንት በጠጠሩ ላይ ሲሄድ እንደማይንሸራተት አመንኩት። ነፋሱ ጆሮዬ ውስጥ ሲገባ ከሳሽም ተከሳሽም አለቃም ከጭንቅላቴ ይወጣሉ። እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ እንዳለ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ማን ደበቀብኝ?

ሰንበቱን ቆሜአለሁ፤ ሦስቱንም ሰንበት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ጾም ስለሆነ ከበሮና ጸናጽል የለም፤ በመቋሚያ ብቻ ነው። አባቴ ከጎኔ ተቀምጠው ስሳሳት ጉልበቴን ይነኩኛል። እናቴ የሞተሩ መሪ ላይ ክታብ አስራበታለች።

ክብደት እንዲቀንስልኝ የኋላውን መቀመጫ ፈትቼዋለሁ። አባቴ እንደሁ "እኔ ዶቅዶቄ ላይ አልወጣም" ብለዋል። አሁን የሽታዬ ዶሮዎች ናቸው የሚያድሩበት።

ማሩ

*

አስመራ
ግንቦት 5 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለማሩ።

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ። ደስ ብሎኛል። ደብዳቤህን ለጋራዡ ሰዎች ተርጉሜ አነበብኩላቸው፤ ዳኛው ፊት የወደቅኸው ላይ ስደርስ ሽማግሌውን ጣሊያን ጌታዬን ሳቅ ገደለው።

ጥያቄዬን ግን አልመለስክም። ረስተኸው ይሆናል።

መቀመጫውን ስትፈታ አራት ብሎን አግኝተሃል። ዕቃ ውስጥ አስቀምጣቸው፤ እዚያ አገር ልካቸው አይገኝም። ሽማግሌው በክረምቱ ጋራዡን ሸጦ አገሩ ሊገባ ነው። እኔ ምን እንደምሆን አላውቅም። ይህን ለየኔታ አትንገራቸው። ወይም ንገራቸው።

አላምረው

*

ጎንደር
ሰኔ 24 ቀን 1951 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያ አላምረው።

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በጥድፊያ ነው የምጽፈው፤ ዝናቡም ጣራውን ሊያወርደው ነው።

ሁለተኛው ሰንበት ሄደ። ቅዳሜ ኮሶዬ ላይ ስደርስ ካቴናው ተበጠሰና ሞተሩ ወዲያው ጸጥ አለ። ብመታው ብለምነው አልነሣ አለኝ። እሁድ እስከ ቀትር ድረስ እዚያው ዝናብ ላይ ነበርኩ። አለቃ ወልደኢየሱስ ሁለት ጣት አሳዩኝ። አባቴ ግን ስደርስ "እጅህ ቀዝቅዟል" ብለው በጋቢያቸው ጠቀለሉልኝ።

እባክዎ አዲስ ካቴና ይላኩልኝ። ጥፋቱ የኔ አለመሆኑን ደግሞ ለአባቴ ሁለት መስመር ቢጽፉላቸው ትልቅ ውለታ ነው። እናቴ ታነብላቸዋለች። እኔ ብነግራቸውም ባለሙያ ሲናገረው ይሻላል።

ማሩ

*

አስመራ
ሐምሌ 20 ቀን 1951 ዓ.ም.

ማሩ፣

እግዚአብሔር ይጠብቅህ።

ካቴናውን አልላክሁም። ለየኔታም አልጻፍኩም።

አንተ ጸሐፊ ነህ፤ የውሸት ምስክር በቀን ስንት ታያለህ? እኔ ደግሞ መካኒክ ነኝ። ካቴና የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የሚወስድ ነው። ሲበጠስ ሞተሩ አይጠፋም። ሸክሙ ይቀልለትና ጩኸቱ አገር ይበጠብጣል፤ ጎማው ብቻ ነው የሚቆመው። በሕይወቴ ካቴናው ተበጥሶ ጸጥ ያለ ሞተር አላየሁም። አንተ ያየኸው እንዳይመስልህ፤ አንተም አላየህም።

የሻው ባለፈው ሳምንት እዚህ ነበር። ሳልጠይቀው "ያ ዘመድህ በቅዳሜ ቀን ሊማሊሞ ገደል አፍ ላይ ሞተሩን አቁሞ ተቀምጦ አየሁት፤ ጥሩንባ ብነፋለት አልዞረም" አለኝ። ሊማሊሞ፣ ማሩ! ከአምባ ጊዮርጊስ አልፎ፣ ዳባትን አልፎ፣ ደባርቅን አልፎ።

እኔ አለቃ ወልደኢየሱስ አይደለሁም፤ ጣት አልቆጥርብህም። ግን የሰው በቅሎ የተሸጠበት ሞተር ነው። ቤታችሁ የሚበላው እህል ባንድ ሰንበት ላይ ተንጠልጥሏል። ምነው? ምን አጥተህ ነው? ሴት ካለች ንገረኝ። ዕዳ ካለብህ ንገረኝ። ዝም ብለህ እንዳትዋሸኝ ብቻ፤ እጅግ ከፍቶኛል።

አላምረው

*

ጎንደር
ነሐሴ 28 ቀን 1951 ዓ.ም.

አያ አላምረው፣

ሰላምታ ለመጻፍ አፈርኩ።

ሴት የለችም። ብትኖር ይሻል ነበር፤ በሴት ሰበብ ጠፋ ይባልልኝ ነበር። ዕዳም የለብኝም።

ይኸውልዎ። ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ከሥራ እወጣለሁ። በቀጥታ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ነው የምሄደው፤ ልቤም እጄም አምባ ጊዮርጊስ ብሎ ነው የሚነሣ። ከደጃችን ስደርስ ጋዙን እቀንሳለሁ። አባቴ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው አያቸዋለሁ። እዚህ ላይ ልቆም ነው፣ ሞተሩን ላጠፋ ነው፣ እላለሁ። ከዚያ መቋሚያው ትዝ ይለኛል። ነገ፣ የዛሬ ሳምንት፣ የዛሬ ዓመት፣ አባቴ በቆሙበት ቦታ፣ እኔም እስካረጅ። እጄ በራሱ ጊዜ ጋዙን ይከፍተዋል። አባቴ እንደሁ አያዩኝም እላለሁ፤ አልፋለሁ።

አንድ ጊዜ አይደለም። ከሞተሩ መምጣት ጀምሮ ቅዳሜ ሁሉ እንዲህ ነው፤ የቆምኩባቸውን ሰንበቶች ሁሉ ጨምሮ። መጀመሪያ እስከ ዳባት ነበር። ከዚያ እስከ ደባርቅ። ከዚያ እስከ ገደሉ። አሁን በክረምቱ ሊማሊሞ ላይ የሚታይ ነገር የለም፤ ጉም ብቻ ነው። እሱኑ ጉም እያየሁ እቀመጣለሁ። ከመምሸቱ በፊት እመለስና ገና ከጎንደር እንደደረስኩ ሆኜ እገባለሁ። እናቴ እግሬን ታጥበኛለች። በሰኔው ቅዳሜ ግን መመለስ አቃተኝ። ደባርቅ ሰው ቤት አደርኩ። የጻፍኩልዎ የካቴና ነገር ውሸት ነው።

"ለመሄጃ ነው ወይስ ለመመለሻ" ብለው ጠይቀውኝ ነበር። አልረሳሁትም። መልሱን ፈርቼ ነው።

የቀረኝ አንድ ሰንበት ነው። ሐምሌንና ነሐሴን እንደምንም ቆምኩ። አዲሱ ዓመት ሲገባ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ ራሴን አላምነውም። ሞተሩን ልሽጠው? ይንገሩኝ። ወይም ይርገሙኝ።

ማሩ

*

አምባ ጊዮርጊስ
ሰኞ፣ መስከረም 10 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለልጄ ለማሩ፣
አራዳ፣ ፍርድ ቤት።

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረህ። ይህን ደብዳቤ የሻው በእጅህ ይሰጥሃል። ከላይ የተጻፈውን የአገር ስም ደግመህ አንብበው፤ አልተሳሳትኩም። ከናንተው ደጅ፣ ከየኔታ ጎን ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ጋራዡ በተዘጋ ማግስት ነው። መፍቻዎቼን በቦርሳ አድርጌ ከየሻው ጎን ወጣሁ። ዓርብ ደረስኩ። እናትህ በሩ ላይ አየችኝና "የማን እንግዳ ነህ?" አለች። ስሜን ከመናገሬ በፊት የኔታ ከውስጥ "ዳባት ድረስ ብሎ የሄደው ነው" አሉ።

አልነገርኩህም ነበር። በጣሊያን ጊዜ አንድ ቅዳሜ በቅሎዋን ውኃ አጠጣ ተብዬ ተላክሁ። መንገዱ ላይ የጭነት ማኪና ቆሞ አየሁ። በቅሎዋን መልሼ ደጁ ላይ አሰርኳትና ዳባት ድረስ ብዬ ተሳፈርኩ። ለቤት ሰው አልተናገርኩም፤ እንዴት አወቁ? "ነጂውን ዳባት ድረስ ስትለው ሰማሁ፤ ማኪናው ሲነሣም ድምፁን ሰማሁት፤ አንተም የለህም" አሉኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዳባት ድረስ ብዬ እንደወጣሁ ነኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከየኔታ ጋር ደጅ ተቀምጠን ነበር። የሞተሩ ድምፅ መጣ። እኔም ሰማሁት፤ ከድምፁ ቫልቩ መስተካከል እንደሚያስፈልገው አወቅሁ። ከደጁ ስትደርስ ቀነስክ። የኔታ ትንፋሻቸውን ያዙ። አለፍክ። እኔ ከመነሣቴ ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ።

"ተወው፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው" አሉኝ። "እዚህ ሲደርስ ያስባል። ከዚያ ይሄዳል። እኔ ዳዊት በቃሌ እጀምራለሁ። መቶ ሃምሳውን መዝሙር ስጨርስ ወይም ትንሽ ሲቀረኝ ይመለሳል። በሰኔ ብቻ ሁለት ጊዜ ደግሜ ሳይመጣ ቀረ።"

ማሩ፣ ገብቶሃል? ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ ያውቃሉ። አያዩኝም እያልክ ነበር ያለፍከው። ለእናትህ እንኳ አልተናገሩም። "ምነው ዝም አሉ?" አልኳቸው። "አንተን ተቆጥቼህ ነበር፤ ያን ቀን ጠዋት፣ መቋሚያ አያያዝህ ላይ። ሃያ ሁለት ዓመት አሰብኩበት" አሉ።

ቅዳሜ ማታ ዳዊቱ አልቆ አልመጣህም። ሦስተኛው ሰንበት ነበር። እናትህ አለቀሰች። እኔ ጋቢዬን ለበስኩ፣ ጫማዬን አወለቅሁ፣ የኔታን መርቼ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። በግራ ሦስተኛው ቦታ ባዶ ነው። ቆምኩበት። ረስቼዋለሁ ብዬ ነበር፤ አፌ ረስቶታል፣ እግሬ ግን አልረሳም። አለቃ ወልደኢየሱስ ጣታቸውን ሊያነሡ ሲሉ አዩኝና "ይህ ማን ነው?" አሉ። የኔታ "የቤቴ ልጅ ነው። ዘግይቶ መጣ እንጂ አልቀረም" አሉ። አለቃው ዘራችንን ቆጠሩ። አንድ ቤት መሆናችንን ካህናቱ መሰከሩ። እጃቸውን አወረዱ። እኔ እስከቆምኩ መሬቱ ከቤቱ አይወጣም።

ስለዚህ የመሬቱ ሐሳብ ይቅርልህ። ሞተሩን አትሽጠው። መቋሚያውን እኔ ይዤዋለሁ፤ አስገድዶ የሚያቆምህ የለም። እስከ መቼ እንደምቆም አትጠይቀኝ። እኔም ጥያቄዬን ትቼልሃለሁ፤ ለራሴም ሳልመልሰው ነው አንተን ስጠይቅ የነበረው።

አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው። ትናንት ከቅዳሴ ስንመለስ የኔታ እንዲህ አሉኝ፤ "ማሩ ቅዳሜ ሲመጣ ማንም እንዳይቆጣው። እዚህ ደጅ ይቁምና እኔን ይጫነኝ። እስከዚያ ገደል ድረስ እንሂድ። ልጄ የሚሄድበትን ልየው።" ልየው ነው ያሉት። እኔም አላረምኳቸውም። እናትህ ቡናማውን ካባቸውን አጥባ አስጥታዋለች።

የሽታዬን ዶሮዎች አስነሣና መቀመጫውን መልሰህ እሰረው። አራቱም ብሎን ይጥበቅ።

አላምረው